መንታ ሲወለዱ ሌሊት የት ይተኙ? ከአልጋው እስከ ብርዱ፣ ደረጃ በደረጃ

መንታ እንዳረገዝሽ ሰው ከሰማ ጥያቄው ሁሉ ስለ ጡት ነው። ይበቃቸዋል ወይ? ማን ያግዝሻል? ማን ያርስሻል? የት ይተኛሉ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም ነው። ያ ጥያቄ የሚመጣው ከወለድሽ በኋላ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ አንዱ አንቺ ክንድ ላይ ሌላኛዋ አባቷ ክንድ ላይ ሆነው፣ ሁለታችሁም ዐይናችሁን መግለጥ ሲያቅታችሁ ነው። ያን ሰዓት ደህና ውሳኔ የሚወስን ሰው የለም። "በቃ መሀላችን ይተኙ" ይባላል፣ ጋቢ ይደረብባቸዋል፣ መብራት ይጠፋል።

ስለዚህ መልሱን ከወዲሁ ልንገርሽ። ሁለቱም በየራሳቸው መኝታ፣ በጀርባቸው፣ ጠንካራና ለጥ ባለ ፍራሽ ላይ፣ አጠገባቸው ምንም ነገር ሳይኖር፣ አንቺ በምትተኚበት ክፍል ውስጥ፣ እጅሽ በሚደርስበት ርቀት ይተኙ። ቢያንስ እስከ 6 ወራቸው። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ ይህንኑ በደሴ ኪራይ ቤት፣ በወረኢሉ ብርድ ወይም በቆቦ ሙቀት እንዴት እንደምትፈጽሚው ነው።

ለምን ይህን ያህል እንደምጨነቅ ደግሞ ልንገርሽ። ጤነኛ የሚመስል ሕፃን ተኝቶ ሳለ ሳይታሰብ ሊሞት ይችላል። አንዳንዱ አፍንጫው ታፍኖ ነው፣ አንዳንዱ ሰው ተጭኖት ነው፣ የአንዳንዱ ምክንያቱ ተመርምሮም አይገኝም። አደጋው የሚበረታው ከ1 እስከ 4 ወር ባለው ጊዜ ሲሆን ያለ ቀኑ የተወለደና ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ከሌላው ይበልጥ ይጋለጣል። ከመንታዎች ብዙዎቹ ደግሞ ከ37 ሳምንት በፊት ወይም ከ2 ኪሎ ተኩል በታች ሆነው ነው የሚወለዱት። ለአንድ ልጅ የሚደረገው ጥንቃቄ ለእነሱ በእጥፍ ያስፈልጋል የምለው ለዚህ ነው።

ሳትወልጂ አሰናጂ

መንታ ቀኑን አይጠብቅም። ዘጠኝ ወር ሲሞላ አስባለሁ ካልሽ ምጡ ይቀድምሻል። ሰባተኛ ወርሽ ሳያልቅ መኝታቸው ተሰናድቶ፣ አንሶላው ታጥቦ ይቀመጥ።

ከዕቃው በፊት ግን ሰው ይሰናዳ። ሌሊት ልጅ የሚያነሣና የሚያስተኛ ሁሉ፣ ባልሽም፣ እናትሽም፣ አማትሽም፣ ልታርስሽ የመጣችው እህትሽም አንድ ዓይነት ነገር እንዲያደርጉ ተስማሙ። አንቺ በጀርባ ስታስተኚ አያታቸው በሆድ የምታስተኛ ከሆነ ጉዳቱ የባሰ ነው፤ በጀርባው መተኛት የለመደ ሕፃን አንድ ቀን በሆዱ ሲተኛ አደጋው ከሌላው ጊዜ ይብሳል።

ቦታውን ምረጪ

ከአንቺ አልጋ ጎን፣ ተኝተሽ እጅሽን ስትዘረጊ ደረታቸውን የምትነኪበት ቦታ ይሁን። አንዱ በስተቀኝ አንዱ በስተግራ ቢሆንም ይቻላል፣ ሁለቱም በአንድ በኩል ጎን ለጎን ቢሆኑም ይቻላል። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ የአንቺ አልጋ ወደ ግድግዳ ይጠጋ፣ ቁም ሣጥኑ ወደ ሳሎን ይውጣ። ለጥቂት ወር ነው።

በሩ ሲከፈት ንፋስ የሚመታቸው ቦታ ይቅር። ከበላያቸው መደርደሪያ፣ የተንጠለጠለ ልብስ፣ የመጋረጃ ገመድ፣ የስልክ ቻርጀር ሽቦ እንዳይኖር እዪ። ገጠር ከሆንሽ ድመትና ዶሮ እንዳይገባ በሩ የሚዘጋ ይሁን። ታላቃቸው የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ከሆነ ደግሞ ቅናት ይዞት "አጠገባቸው ልተኛ" ማለቱ አይቀርም፤ ቀን አብሯቸው ይጫወት እንጂ ሌሊት ከእነሱ ጋር አንድ መኝታ ላይ አይተኛ።

አልጋው

ገንዘቡ ካለሽ ደሴም ኮምቦልቻም ተሠርቶ የሚሸጥ የሕፃን አልጋ ታገኛለሽ። ከመግዛትሽ በፊት በአጥሩ ጣውላዎች መካከል ያለውን ክፍተት ለኪ። ከ6 ሳንቲሜትር መብለጥ የለበትም። ሜትር ካልያዝሽ የለስላሳ ቆርቆሮ በመሀሉ አሳልፊ፤ ካለፈ ክፍተቱ ሰፍቷል ማለት ነው፣ የሕፃን ሰውነት ሾልኮ ጭንቅላቱ ይያዛል። ወደ ታች የሚወርድ ጎን ያለውን አልጋ አትግዢ።

እኔ ለብዙ ሰው የምመክረው አናጢ ማሠራት ነው። ሁለት የተገዛ አልጋ ከሚጠይቀው ያነሰ ይፈጃል፣ ለክፍልሽም ይመጠናል። አንድ ረጅም ቋሚ ሆኖ መሀሉ በጣውላ የተከፈለ፣ ሁለት የየብቻ መኝታ ያለው አድርገሽ ልታሠሪው ትችያለሽ። የእያንዳንዱ ውስጡ 90 በ50 ሳንቲሜትር ገደማ ይሁን፣ ጎኑ ከፍራሹ በላይ 50 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ወለሉ ለጥ ያለ ጣውላ ወይም ወፍራም ኮምፔንሳቶ ይሁን። መሀሉ ላይ የሚገባው ጣውላ ተመቶ የተያዘ እንጂ የሚነቀል አይሁን። ቀለም አያስፈልገውም፤ በብርጭቆ ወረቀት በደንብ ይላግ፣ ምስማር ወጣ ብሎ እንዳይቀር በመዳፍሽ ዙሪያውን ዳስሺው።

አቅም ከሌለሽ አትሸማቀቂ። ፊንላንድ ከ1938 ጀምሮ ለወላጆች የሕፃን ዕቃ በካርቶን ትሰጣለች፣ ካርቶኑ ውስጥ ትንሽ ፍራሽ አለበት፣ ብዙ የፊንላንድ ሕፃን የመጀመሪያ ወራቱን እዚያው ካርቶን ውስጥ ተኝቶ አድጓል። አንቺም ንጹሕና ያልረጠበ፣ ርዝመቱ 70 ሳንቲሜትር ገደማ የሆነ ጠንካራ ካርቶን ሁለት ፈልጊ። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ቁረጪው፣ የብረት ስፒሉን ንቀዪ፣ ከታች ሌላ ካርቶን ደርቢበት። የሳሙናና የኬሚካል ሽታ ያለው አይሆንም። ካርቶኑ የሚቀመጠው ምንጣፍ በተነጠፈበት ደረቅ ወለል ላይ ወይም በሰፊ መደብ ላይ ነው። አልጋሽ ላይ ካስቀመጥሽው ስትገላበጪ ይደፋል። ልጁ ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር ደግሞ ካርቶን ጊዜው አልፏል።

የማይሆኑትን ልዘርዝርልሽ። ሶፋ ከሁሉም የከፋ ነው፤ ሕፃኑ በመደገፊያውና በመቀመጫው መካከል ይሰረጎዳል። የጠፍር አልጋ መሀሉ ስለሚረግብ አይሆንም። ሽቦው የላላ የድሮ አልጋም እንደዚሁ። በጋቢ የሚሠራው ዥዋዥዌ፣ የመኪና ወንበር፣ ዘንበል ብሎ የሚቆም መቀመጫ ለሌሊት እንቅልፍ አልተሠሩም። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ የሕፃን የአየር ቧንቧ ይታጠፋል፤ ይህ ሲሆን አያለቅስም፣ ድምፅም አያሰማም። አንቀልባ ላይ ቀን እንቅልፍ ቢወስደው ፊቱ የሚታይ፣ አገጩ ከደረቱ የራቀ መሆኑን እያየሽ ማዘል ትችያለሽ፤ ቤት ስትገቢ ግን አውርደሽ ቦታው ላይ አስተኚው።

"ሁለቱን አንድ አልጋ ላይ ባስተኛስ? ማሕፀን ውስጥ አብረው አልነበሩ?" የምትል እናት ብዙ ናት፣ ስሜቱም ይገባኛል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር መንታም ቢሆኑ ለየብቻ ይተኙ ይላል። እንግሊዞቹ ትንሽ ይለዝባሉ፤ ልጆቹ ገና መገልበጥ ሳይጀምሩ በአንድ ደህና የሕፃን አልጋ ላይ በጀርባቸው ሊተኙ ይችላሉ ይላሉ። የእኔ ምክር ለየብቻ ነው፤ የአንዱ እጅ የሌላውን አፍንጫ መሸፈኑን፣ አንዱ የሌላውን መጠቅለያ መጎተቱን ጨለማ ውስጥ ሆነሽ አታዪውም። ያለሽ አንድ አልጋ ብቻ ከሆነ አንዱን ከራስጌ ሌላውን ከግርጌ አድርጊ፣ ጭንቅላታቸው ይራራቅ፣ ከሁለት አንዱ ጎኑን ማንሣት በጀመረበት ቀን ለያቸው። መሀላቸው ላይ ትራስ ወይም የተጠቀለለ ጋቢ ማስገባት ግን በፍጹም አይሆንም። አጥር ይሆናል ያልሽው ጋቢ ፊታቸው ላይ ይዞራል።

ፍራሹ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰጂ። ስፖንጅ ፍራሽ ስትገዢ ሱቁ ውስጥ መዳፍሽን አስቀምጠሽ በክብደትሽ ጫኚና አንሺው። ወዲያው ተመልሶ ከተነሣ ጥሩ ነው። የጣቶችሽ ቅርጽ ሰርጉዶ ከቆየ፣ ወይም እጅሽ ገብቶ ጎንና ጎኑ ወደ ላይ ካበጠ ተይው፣ የሕፃን ፊትም እንደዚያው ይሰምጥበታል። ለአዋቂ "አቤት ሲመች!" የሚባለው ፍራሽ ለሕፃን አይሆንም። ቤት ውስጥ ያለ ያረጀ ስፖንጅ ቆርጠሽ ልትጠቀሚ ካሰብሽ መሀሉ ያልጎደጎደ መሆኑን እዪ።

የልኩ ነገር ደግሞ አለ። ፍራሹን አልጋው ውስጥ አስገብተሽ በጎኑ በኩል ሁለት ጣትሽን አስገቢ። ሁለት ጣት ሰፍቶ ሌላ ትርፍ ቦታ ካለ ፍራሹ አንሷል፣ ልጁ በክፍተቱ ሊሰነቀር ይችላል። ክፍተቱን በጨርቅ ልሙላው አትበይ፣ ፍራሹን በልኩ አስቆርጪ።

የመጣበትን ላስቲክ አውልቂ። ሽንት እንዳይበላሽበት ከፈለግሽ ወፍራም የላስቲክ ጨርቅ ወጥረሽ ከታች እሰሪው፤ ፌስታልና ስስ ላስቲክ አይሆንም። ከላዩ አንድ የጥጥ አንሶላ፣ አራቱም ጥግ ላይ ላስቲክ ገብቶበት ፍራሹን የሚይዝ። አራት አሰፊ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ይደርሳቸዋል፤ ሌሊት አንዱ ሲረጥብ ሌላ ትፈልጊያለሽ።

ለስላሳ አጎዛ ሥር ማንጠፍ አገራችን የቆየ ነው። ለአዋቂ ይድላ። ለሕፃን ግን ጸጉሩ ፊቱን ይውጠዋል፣ ሙቀቱም ይበዛበታል። የጭድ ፍራሽም እንዲሁ ይሰረጉዳል፣ ቁንጫም ይይዛል።

ከዚህ በኋላ አልጋውን ባዶ ተይው። ትራስ የለም። አሻንጉሊት የለም። የጎን መከላከያ ተብሎ የሚሸጠው ለስላሳ ነገር አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ዘመድ የላከችልሽ ያ የሚያምር ድሪቶ የሚመስል ብርድ ልብስ ለፎቶ ይሁን፣ ሲተኙ ይነሣ።

ብርዱን እንዴት እናድርገው?

ይህን ሁሉ ያነበበች የደሴ እናት የመጀመሪያ ጥያቄዋ ይኼ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ደላንታና ወረኢሉ ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት አጥንት የሚሰብር ብርድ አለ። "ያለ ብርድ ልብስ አስተኚ" ብሎ መሄድ ለእኛ አገር አይሠራም፤ ክብደቱ ያነሰ ሕፃን ሙቀቱን ቶሎ ይጥላል፣ ብርዱ ራሱ ይገድላል።

መጀመሪያ ከሰሉን እናውጣ። እባክሽ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ከወሰድሽ ይኼን ውሰጂ። ነዶ የቀላ ከሰል ጭስ ስለሌለው ሰው አይፈራውም። ከእሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ እናትንም ልጅንም እንደተኙ ያስቀራል። ከሰል ያለበት ክፍል ውስጥ አትተኙ። ክፍሉ መሞቅ ካለበት ልጆቹ ሌላ ክፍል እያሉ ይሙቅ፣ ከሰሉ ይውጣ፣ በርና መስኮት ተከፍቶ ይናፈስ፣ ከዚያ ይግቡ። ወይባ (የአራስ ጭስ) የምትሞቂም ከሆነ ልጆቹ እዚያ አይቆዩ። ቡናውስ? አራስ ቤት ያለ ቡና አይሆንም፣ ወሎ ነን። ግን ረከቦቱ ሳሎን ወይም በረንዳ ይዘርጋ፣ አቦሉም ቶናውም በረካውም እዚያው ይጠጣ፤ ዕጣኑም አድሩሱም ሕፃናቱ ከሚተኙበት ክፍል ይራቅ። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ካለ ውጭ ያጭስ፣ ልብሱን ሳይቀይርም አይቀፋቸው።

መኝታውን ቀድሞ ማሞቅ ትችያለሽ። ሀይላንድ ውስጥ ሙቅ ውኃ ሞልተሽ፣ ክዳኑን ጥብቅ አድርገሽ፣ በጨርቅ ጠቅልለሽ ፍራሹ ላይ ለጥቂት ደቂቃ አስቀምጪው። ልጁን ከማስተኛትሽ በፊት አንሺው። ከልጁ ጋር አብሮ የሚተኛ የሙቅ ውኃ ጠርሙስ ቆዳ ያቃጥላል።

ልብሱ እንዲህ ይሁን። አንቺ ክፍሉ ውስጥ ለብሰሽ ከምትመቺበት አንድ ድርብ ይጨመርላቸው። ከውስጥ የጥጥ ልብስ፣ ከላይ ቱታ፣ ካልሲ። ከዚያ በብርድ ልብስ ፋንታ የእንቅልፍ ከረጢት አሰፊላቸው። ልብስ ሰፊው ቀጭን የሱፍ ጨርቅ ወይም የለሰለሰ አሮጌ ብርድ ልብስ ይቆርጥልሻል፤ ከላይ እንደ ሰደርያ የክንድና የአንገት መግቢያ ይኑረው፣ ከታች ሰፋ ብሎ የተዘጋ ይሁን፣ ኮፍያ አይኑረው። የአንገቱ ስፋት ጭንቅላታቸው ወደ ውስጥ የማይሰምጥበት መሆን አለበት። ከረጢት ፊት ላይ አይወጣም፣ እግር ሲወራጭም አይገለጥም፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሞቃቸዋል።

ከረጢቱ እስኪሰፋ ድረስ ብርድ ልብስ ግድ ከሆነ ቀጭኑን አንድ ብቻ ምረጪ። የልጁን እግር እስከ አልጋው ግርጌ ጫፍ አውርጂ፣ ብርድ ልብሱን እስከ ደረቱ ብቻ አልብሺ፣ በሦስቱም ጎን ከፍራሹ ሥር አጥብቀሽ አስገቢው። እጁ ከላይ ይውጣ። ባና እና ዝተት፣ ከባዶቹ የሱፍ ልብሶች፣ በዚህ ዕድሜ አይታሰቡም፤ ክብደቱን መግፋት አይችሉም።

ቆብ የጤና ባለሙያዋ ላዘዘችላቸው ትንንሽ ሕፃናት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥሩ ነው። ልኩ የሆነ፣ አገጭ ሥር ገመድ የሌለው ይሁን። እየከበዱ ሲሄዱ በእንቅልፍ ሰዓት ይውለቅ፣ ሙቀት የሚወጣው በጭንቅላት በኩል ነውና።

ሞቋቸው እንደሆን ወይም በርዷቸው እንደሆን በእጃቸው አትለኪ፤ የሕፃን እጅና እግር ሁልጊዜም ቀዝቀዝ ይላል። ጣቶችሽን ማጅራታቸው ላይ ወይም ደረታቸው ላይ አስገቢ። ለብ ካለ ደህና ነው። ካላበው አንድ ድርብ አውልቂ። ሆዱ ከቀዘቀዘሽ ልብሱን አውልቀሽ ደረትሽ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጊው። በቴርሞሜትር በብብት ሲለካ ከ36.5 እስከ 37.5 ጤነኛ ነው።

ኮምቦልቻ፣ ባቲ፣ ቆቦ ያላችሁ ደግሞ ችግራችሁ ተቃራኒው ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆንም ከፍታዋ 1,850 ሜትር አካባቢ ነው፤ ደሴ የለበሱትን እንደለበሱ ይዘሻቸው ወርደሽ አያታቸው ቤት ስታድሪ ይበዛባቸዋል። ከመጠን ያለፈ ሙቀት ራሱ ለድንገተኛው ሞት ያጋልጣል። አንድ ስስ ልብስ ይበቃል። አጎበሩን በሚገባ ወጥራችሁ ጠርዙን ከፍራሹ ሥር አስገቡት፣ ተርገብግቦ ፊታቸው ላይ እንዳይወድቅ።

በጀርባ፣ ሁልጊዜ

ቀን ሸለብ ቢያደርጉም፣ ሌሊትም፣ እስከ አንድ ዓመት በጀርባቸው አስተኚያቸው። በጎን የተኛ ሕፃን ወደ ሆዱ ይዞራል፣ ስለዚህ በጎንም አይሆንም። አሜሪካኖቹ በ1994 "ሕፃን በጀርባው ይተኛ" የሚል ዘመቻ ከጀመሩ በኋላ በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ገደማ ቀንሷል።

አያቶች የሚፈሩት ማስመለሱን ነው። "በጀርባው ተኝቶ ቢያስመልስ ትን ብሎት ይሞታል" ይላሉ፣ ከልባቸው ነው። አትከራከሪያቸው፣ አስረጃቸው። "እማማ፣ በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ነው የሚሆነው። ወተቱ ወደ ላይ አይወጣም፣ ይውጠዋል ወይም ይተፋዋል። በሆዱ ስናስተኛው ነው የምግቡ መንገድ ከላይ የሚሆነው" በያቸው። ይህን ሲሰሙ የሚለሳለሱ አሉ። ካልተስማሙ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤት ስትመጣ እሷ ትንገራቸው፤ ለምራት የማይሰሙትን ለእሷ ይሰማሉ።

ጭንቅላቱ ይጠፈጠፋል የሚለው ስጋት ግን ትንሽ እውነት አለው። መንታ ጎን ለጎን ሲተኛ ወደ ወንድሙ ወይም ወደ እናቱ ብቻ ማየት ይወዳል። ስለዚህ ዛሬ ራስጌ ያደረግሽውን ነገ ግርጌ አድርጊ። ቀን ደግሞ ነቅተው ሳሉ፣ አንቺ እያየሻቸው፣ በየተራ ለጥቂት ደቂቃ በሆዳቸው አስተኚያቸው፤ አንገታቸውም ይጠነክራል።

ስትጠቀልያቸው ጨርቁ ስስ ይሁን፣ ከትከሻ አይለፍ፣ ዳሌና ጉልበታቸው እንዲታጠፍ ከታች ላላ ይበል። እግር አስተካክሎ አጥብቆ ማሰር ዳሌን ይጎዳል።

ሌሊት ስታጠቢ

አንዱ ሲነቃ ሌላውንም ቀስቅሰሽ አጥቢ። ጨካኝ ይመስላል፣ ግን እንቅልፍ የምታገኚው እንደዚያ ነው። ሁለቱን በአንድ ጊዜ የምታጠቢ ከሆነ ሌላ ሰው ነቅቶ አጠገብሽ ይቀመጥ። ሲጨርሱ አንዱን እሱ፣ አንዱን አንቺ ወደየቦታቸው። የአባት ድርሻ እዚህ ላይ ነው፤ ማጥባት ባይችልም ማንሣት፣ ማስገሳት፣ ማስተኛት ይችላል።

የምታጠቢው ሶፋና ወንበር ላይ ሳይሆን አልጋሽ ላይ ይሁን። እንቅልፍ ሊጥልሽ እንደሚችል አስበሽ ትራሱንና ጋቢውን ከአጠገባቸው አርቂ። ሸለብ አድርጎሽ ስትነቂ ወዲያው ወደ መኝታቸው መልሻቸው። ልጆቹ ከ37 ሳምንት በፊት ከተወለዱ ወይም ከ2 ኪሎ ተኩል በታች ከሆኑ ከአዋቂ ጋር አንድ አልጋ ላይ ማደራቸው በጣም አደገኛ ነው። ጠላ ወይም አረቄ የቀመሰ፣ ጫት ሲቅም ውሎ ምርቃናው የጣለው፣ የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደ ሰውም አጠገባቸው አይተኛ። ሁለቱን በአንቺና በባልሽ መሀል ማስተኛት ለመንታ የማልመክረው ነው፣ ቦታው ምንም ቢጠባችሁ።

ጨለማ ውስጥ የትኛው እንደጠባ እንዳይምታታብሽ የካልሲያቸውን ቀለም ለዪ። እጃቸው ላይ ክር አትሰሪ፣ ጠብቆ ደም ያቆማል።

ትንንሾቹን ደረት ላይ

ክብደታቸው ከ2 ኪሎ ተኩል ያነሰ ልጆች ሲሆኑ ሆስፒታሉ የካንጋሮ እንክብካቤ ያስጀምርሻል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው ምክር ለእንዲህ ዓይነት ሕፃናት በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት፣ በተቻለ መጠን ረዘም አድርገው ቆዳ ለቆዳ እንዲሆኑ ይላል። ሁለቱንም ደረትሽ ላይ ማድረግ ይቻላል፣ ወይም አንዱን አባቱ ይያዝ፤ የአባት ደረትም ያሞቃል።

ይህ አልጋ ላይ አቅፎ ከመተኛት ይለያል። ልጁ ዳይፐርና ቆብ ብቻ ለብሶ በጡቶችሽ መካከል ቀጥ ብሎ ይቀመጣል፣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዞሮ አፍንጫው ክፍት ይሆናል፣ ጨርቁ አጥብቆ ይይዘዋል፣ አንቺ ደግሞ በጀርባሽ ከፍ ብለሽ ደገፍ ትያለሽ። ባለሙያዋ ስታስርልሽ በደንብ እዪ፣ ከመውጣትሽ በፊት ራስሽ አስረሽ አሳያት፣ ባልሽም እንዲሠራው አድርጊ። ደክሞሽ ማውረድ ስትፈልጊ ወደየራሳቸው መኝታ።

ጠያቂ፣ ነጠላ፣ ማተብ

መንታ ሲወለድ ጎረቤቱ ሁሉ ይጎርፋል፣ ገንፎው ይበላል፣ ደስ ይላል። ቡዳ እንዳይበላቸው ተብሎ ግን ፊታቸው ላይ ነጠላ ይጣላል። የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። ነጠላው ስስ ቢመስልም የተነፈሱትን አየር መልሶ ያስተነፍሳቸዋል፣ ሙቀትም ያፍናል። ዐይን እንዳያርፍባቸው ከፈለግሽ መጋረጃ በሩ ላይ ስቀዪ፣ ጠያቂም ሳሎን ይቀመጥ።

ክርስትና ሲነሡ፣ ወንዱ በ40 ሴቷ በ80 ቀን፣ አንገታቸው ላይ ማተብ ይታሰራል። ክታብ የሚያስሩም አሉ። አንገት ላይ ያለ ማንኛውም ክር ሲተኙ ሊያንቃቸው ይችላል። ሲተኙ ፍቺና ግድግዳ ላይ ስቀዪው፣ ሲነቁ እሰሪላቸው፤ የሚፈታ ቋጠሮ እንዲሆን አስቀድመሽ ንገሪ። ራስጌ የሚደረገው ብረትም ከአንቺ ፍራሽ ሥር ይሁን እንጂ ከእነሱ አይጠጋ።

እያደጉ ሲሄዱ

4 ወር ገደማ ሲሆናቸው፣ አንዳንዴም ቀደም ብለው፣ መገልበጥ ይሞክራሉ። መንታ እኩል አያድግም፤ አንዱ ሲቀድም ለሁለቱም ለውጡን አድርጊ። መጠቅለል ይቁም፣ ካርቶን ይውጣ፣ አንድ አልጋ ላይ የነበሩም ይለያዩ። በጀርባቸው አስተኝተሻቸው ራሳቸው ከተገለበጡና ወደ ኋላም መመለስ ከቻሉ ሌሊቱን ሙሉ እየተነሣሽ መመለስ የለብሽም።

ፈጥነሽ ወደ ጤና ጣቢያ የምትሮጪው መቼ ነው?

ጡት አልይዝ ካሉ ወይም ለመጥባት ከደከሙ፤ ካልነካሻቸው በቀር ካልተንቀሳቀሱ፤ ሰውነታቸው ከተንቀጠቀጠ፤ በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተነፈሱ ወይም ሲተነፍሱ የደረታቸው የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ ከገባ፤ ካተኮሳቸው ወይም ቆዳ ለቆዳ አድርገሻቸውም አልሞቅ ካሉ፤ መዳፋቸውና የእግራቸው ውስጥ ቢጫ ከሆነ እስኪነጋ አትጠብቂ። ትንፋሽ ስትቆጥሪ ልጁ ተረጋግቶ ሳለ፣ ሆዱን ገልጠሽ፣ ስልክሽ ላይ ሙሉ አንድ ደቂቃ ይዘሽ ቁጠሪ። ስትሄጂ ደረትሽ ላይ አድርገሽ፣ እያሞቅሽ ውሰጂው። የታመመው አንዱ ቢሆንም ሁለቱንም ይዘሽ ሂጂና ሌላውም ይታይ፤ የሚጠባ ልጅ ከአንቺ ተለይቶ ቤት አይቀርም።